ኡቻር የላሰው አረንጓዴ ውሃ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አይሰማኝም፣ አንዴ ይጠብቁኝ። ሳልታናት! ያንን ፓምፕ አጥፊልኝ እስቲ፣ ጆሮዬን በላው! … እሺ፣ አሁን ይናገሩ።

— ኦ! ሙካምቤት አኬ፣ ታላቄ! ምን ላድርግ፣ ቁጥሩን አላወቅኩትም እኮ። … የምራትዎ ስልክ ነው? … አዎ፣ ሻርሼን ነኝ። ከተማ ነኝ፣ ካራኮል፣ ወተት ፋብሪካው ውስጥ። እንዴት ሰነበቱ? ከብት ከሰው ደህና ናችሁ?

— እ? … ደህና አይደለም? ማን ነው ደህና ያልሆነው? … ኡቻር?

— ውይ! ውይ ውይ ውይ … ኡቻርማ አይሆንም! ባለፈው መኸር ያንን የመሰለ ቀበሮ ሸንተረር ለሸንተረር አባሮ የያዘው ታይጋን፣ ያ አዳኝ ውሻዎ? … ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ አይጩኹ፣ እሰማዎታለሁ።

— ይንገዳገዳል። … እንደ ሰካራም። … የኋላ እግሩ አልታዘዝ አለው። … ያስመልሰዋል። … ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ አይረካም። … ከመቼ ጀምሮ? … ጠዋት ደህና ነበር። ቁርስ ላይ ደህና ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነው። … እሺ።

— አይ፣ አለሁ። ዝም አላልኩም፣ እዚህ … ሥራ ላይ ነኝ። የወተቱን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየቀየርን ነው፣ ቧንቧው ሁሉ ተከፍቷል። … አዎ፣ ያው፣ ጣራዎ ላይ ላለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ያመጣሁት ዓይነት ነው። … እሱን ይተዉት አሁን።

— ማን? … ካራባይ? ካራባይ ምን አደረገ? … መርዝ? በሥጋ አድርጎ? … እንዴ፣ ያን ያህል ይጨክናል ብለው ነው? … አዎ፣ የእሱ ውሻ ከኡቻር ኋላ ቀርታለች በአደን ውሾቹ ውድድር። … አኩርፏል፣ አዎ። ‹የሙካምቤት ውሻ አንድ ቀን ያገኘዋል› ሲል እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ሠርግ ላይ ነበርን። … እንግዲህ … ምን እላለሁ። ሰው አይታወቅም።

— የከብት ሐኪሙን? አመጣልዎታለሁ፣ ምን ችግር አለ። እዚሁ ለፋብሪካው የሚሠራ አለ፣ ፈልጌ … ምን አሉኝ? ልጆችዎ የት ሄዱ?

— አለንጋ ይዘው? ሁለቱም? … እንዴ፣ አኬ! ለምን ለቀቋቸው? ሰው ቤት አለንጋ ይዞ ይገባል እንዴ! … ቆይ፣ ቆይ። ከመቼ ነው የወጡት? … አሁን። በፈረስ?

— አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሻው ጠዋት የት የት ዋለ? … ግቢ ውስጥ። … አልወጣም። … በግቢዎ የሚያልፈው ቦይ ዳር? ቦዩ ዳር ምን ያደርጋል?

— … እየላሰ።

— አለሁ፣ አለሁ። ሳልታናት፣ ወንበር አቀብይኝ። … አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ወንበሩን ብቻ ስጪኝ።

— ምን ዓይነት ነበር የላሰው? ቀለሙ። … አረንጓዴ። … በረዶው ጉድጓድ ውስጥ ያቆረ። … እና እርስዎ አዩት? ሲልሰው በዓይንዎ አዩት? … አይተው ዝም አሉት? ሙካምቤት አኬ፣ ምነው! ምነው ‹ሂድ› ቢሉት! ምነው በድንጋይ ቢሉት!

— … ምን?

— … እኔ ስለጠጣሁት።

— አዎ። … አዎ፣ ጠጥቻለሁ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ የማሞቂያው ፈሳሽ እንደማይጎዳ ላሳያችሁ ብዬ። በሾርባ ማንኪያ፣ አዎ። ከንፈሬንም ልሻለሁ። ሴቶቹ ሲስቁ አንድ ማንኪያ ደግሜያለሁ። … እና እርስዎ ‹የሻርሼን ውሃ ነው፣ ተዪው ይላስ፣ አይጎዳውም› አሉ? ለምራትዎ እንደዛ አሏት?

— ያ አላህ። ምነው አፌን በቆረጠው።

— አኬ፣ ይስሙኝ። ልጆችዎን ይመልሷቸው። አሁኑኑ። … ስልክ ይዘዋል? … እንግዲያው ሰው ፈረስ ጭኖ ይከተላቸው፣ ጎረቤት ይጥሩ! ካራባይ ምንም አላደረገም። … አውቃለሁ። … አውቃለሁ እኮ ነው የምልዎት! … እንዴት አወቅህ? … እኔ ነኛ።

— እኔ፣ ሻርሼን። ቦዩ ውስጥ የደፋሁት እኔ ነኝ።

— ሄሎ? … ይሰሙኛል? … አልዘጉትም አይደል? … ይስደቡኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ግን መጀመሪያ ሰው ይላኩ። … ላኩ? … እሺ። እሺ፣ ጎሽ።

— ሳልታናት! በአንቺ ስልክ ለከብት ሐኪሙ ደውይ። ‹ውሻ የመኪና አንቲፍሪዝ፣ ራዲያተር ውስጥ የሚገባውን፣ ልሶ ይንገዳገዳል፣ ከጠዋት ወዲህ ነው፣ ምን እናድርግ› በይው። … አዎ፣ የመኪና። እኛ የምንሞላውን አይደለም። … ኧረ በኋላ ጠይቂኝ፣ ደውይ!

— አይ፣ እርስዎን አይደለም፣ እዚህ የወተት ምርመራ የምትሠራዋን ልጅ ነው። … እንዴት ይሆናል? እንዴት ይጎዳዋል? … ቆይ ላስረዳዎት። ሁለት ነው። ሁለቱም ግላይኮል ይባላሉ፣ ወንድማማች በሏቸው። ሁለቱም በዚህ የእኛ ብርድ በረዶ አይሆኑም፣ ሁለቱም ቧንቧ እንዳይዝግ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ አረንጓዴ ቀለም ይጨምሩባቸዋል። እርስዎ ጣራ ላይ ያለው፣ ፀሐይ እያሞቀችው ውሃዎን የሚያፈላልዎት፣ እሱ የምግቡ ነው። ደግ ነው። እዚህ ወተቱን የሚያቀዘቅዘውም እሱ ነው። ቧንቧ ቢያፈስ፣ አንድ ጠብታ ወተት ውስጥ ቢገባ፣ ሰው አይገድልም። አፈር ላይ ቢደፋ አፈሩ ራሱ በጥቂት ቀን በልቶ ይጨርሰዋል። … ድሮ እዚህ የጨው ውሃ ነበር የሚዞረው፣ ያስታውሱ የለ? ቧንቧውን በዝገት ይበላና ሲያፈስ ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ዛፎች ሁሉ ፈጃቸው። ዘንድሮ እንደገና ለምልመዋል እኮ፣ ሲያልፉ አይተዋቸዋል … ምን እየቀባጠርኩ ነው እኔ። አፌ ሻጭ ሆኖ ቀረ።

— የጠጣሁት እሱን ነው። ወላሂ፣ እሱን ነው። አዳራሹ ውስጥ አልዋሸኋችሁም።

— የኔ ቤት? … የኔ ቤት ቧንቧ ውስጥ ያለው … የመኪናው ነው። አዎ። መርዙ። … ስለሚረክስ ነዋ! ሌላ ምን ምክንያት አለኝ? ለእናንተ ቤት ለቤት እየዞርኩ ‹የመኪናውን እንዳታስገቡ፣ ልጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ውሃ አለ› እያልኩ ጥሩውን አስገባሁ። የራሴን ቤት ግን ማን ያየኛል ብዬ። ግድግዳ ለግድግዳ የሚዞር ነገር ማን ይጠጣዋል ብዬ።

— ትናንት ነው። የጓዳው ማሞቂያ ተበሳብኝ፣ ልቀይረው ቧንቧውን ፈታሁት። በርሜሎቼ ሞልተዋል። … አዎ፣ እኔው ነኝ። ‹ያረጀውን አትድፉ፣ ለኔ መልሱልኝ፣ ተጣርቶ እንደገና ይሠራል› እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የኖርኩት እኔው ነኝ። ጎማ ሰክቼ ቦዩ ውስጥ ለቀቅኩት። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ውሃው ይወስደዋል አልኩ። … ወሰደው እኮ። ወደ እርስዎ ግቢ ወሰደው።

— ሳልታናት፣ ምን አለ? … ቮድካ? አዎ፣ ሥልጠና ላይም ሰምቻለሁ። … ውሃ ቀላቅለው። … መርፌው በወለቀ ስሪንጅ፣ በጉንጩ በኩል፣ ጥቂት በጥቂት። … እሱ እየተነሳ ነው? በራሱ መኪና? … ተባረኪ። አትዝጊው፣ መስመር ላይ ይቆይ።

— አኬ፣ ሐኪሙ መንገድ ጀምሯል፣ መርፌም ጉሉኮስም ይዟል። እስኪደርስ ግን ውሻው ቮድካ ያስፈልገዋል። … ቮድካ! … ኧረ እንዴት እቀልዳለሁ በዚህ ሰዓት! … ለእሱ ነው እንጂ ለእርስዎ ማን አለ! … እንዴት መሰለዎት፣ መርዙ እንደገባ አይደለም የሚገድለው። ጉበት ሲፈጨው ነው የሚከፋው፣ ያኔ ኩላሊቱን ይይዛል። አልኮል ሲገባ ጉበቱ በእሱ ይጠመዳል፣ ያኛው ሳይፈጭ በሽንት ይወጣል። … አዎ፣ ማስከር ነው። የሰከረውን እንደገና ማስከር።

— እርስዎ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። … ሱቁም አይሸጥም፣ አዎ። … እርስዎ አይደሉ ያሳገዱት? መንደሩ ከዳር እስከ ዳር ደረቅ ነው። … አዎ፣ እኔም ሸንጎው ፊት እጄን አንስቻለሁ። … አይተውኛል እኮ፣ ከፊት ነበርኩ።

— … ሙካምቤት አኬ።

— እኔ ቤት አለ።

— አለ፣ አለ! ቦይለሩ ጀርባ አሮጌ ቦት ጫማ አለ፣ የግራው ውስጥ ነው። … ጠርሙሱ ተከፍቷል፣ ግን ይበቃል። … ዛሪፓ አታውቅም። ሚስቴ አታውቅም! ያወቀ የለም፣ እኔና ጫማው ብቻ። … ቅጣቱን እከፍላለሁ፣ በግ ካላችሁ በግ፣ አደባባይ ካላችሁ አደባባይ። አሁን ግን ምራትዎ ትሩጥ። አጥር ለአጥር ነው፣ በበሩ አትዙር፣ በጓሮው ትግባ!

— ሄደች? … እሺ። … አይ፣ አልዘጋም። እርስዎም አይዝጉት።

— ሳልታናት፣ እንደዛ አትዪኝ። … የሰማሽውን ሰምተሻል። አዎ፣ የኔ ቤት። አዎ፣ እኔ። ቀኑን ሙሉ እዚህ ‹አንድ ጠብታ እንዳይደፋ፣ ከሥሩ ባልዲ አድርጉ› እያልኩ ስጮህ የዋልኩት ሰውዬ። … ሳቂ፣ ምን ቸገረሽ። ብትስቂ ይሻለኛል።

— ሄሎ? … ማነው? … ዛሪፓ። አንቺ ራስሽ መጣሽ? … አገኘሽው? … አዎ፣ የኔ ነው። የማን ሊሆን ነው? … ከሠርጉ ጊዜ። … ዛሪፓዬ፣ በኋላ ግደይኝ። በመጥበሻውም፣ በፈለግሽው። አሁን ጠርሙሱን ስጫቸውና … አዎ። ነግረሽኝ ነበር። ‹አንድ ባዶ በርሜል ከሰው ለምን› ብለሽኛል። ‹ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ ነውር ነው› ብለሽኛል። … አልሰማሁሽም። … አታልቅሺ፣ አፈር ስሆን። ስልኩን ለእሳቸው ስጪ።

— አኬ? … ስሪንጅ አላችሁ? … የበጎቹ አለ። መርፌውን ያውጡት። ውሃ ቀላቅላችሁበት። ሳልታናት፣ ስንት አለ? … ለትልቅ ታይጋን። … አኬ፣ እሷ የምትለኝን ነው የምነግርዎት፣ መጀመሪያ አንድ ስሪንጅ፣ ከዚያ ጠብቁ። … ጭንቅላቱን ወደ ላይ አታንጋጡት፣ ያንቀዋል። ጉንጩን ሳብ አድርጋችሁ በጥርሱ ጎን። … ማነው የሚሰጠው?

— እርስዎ? በእጅዎ? … ሌላ ሰው ይስጥልዎ፣ ሐጅ የሄደ እጅ እንዴት … እሺ። እሺ፣ እርስዎ ይሁኑ። እርስዎን ነው የሚያምነው።

— … ዋጠ? … ተፋው። … እንደገና ይሞክሩ። ይቆጡት፣ እንደ አደን ጊዜ ይቆጡት። … ዋጠ? … ዋጠ! ሳልታናት፣ ዋጠ! … አሁን ትንሽ ይጠብቁ። አይጣደፉ። … ያ የሚያለቅስ ድምፅ የውሻው ነው? … እርስዎ ነዎት? … ይቅርታ።

— ልጆቹስ? … ተመለሱ! አልሃምዱሊላህ። … ደርሰው ነበር? … መቱት? … አልመቱትም። … ሰደቡት ግን። … በሚስቱ ፊት፣ እንግዳ ተቀምጦ። ‹መርዘኛ› ብለው። … እሱስ? … ዝም አለ? ካራባይ? ያ ምላሰኛው ካራባይ ዝም አለ? … ‹ውሻው በሕይወት አለ ወይ› ብቻ ብሎ ጠየቀ።

— …

— አለሁ። … አኬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ሳልነግርዎት ብዘጋው ይገድለኛል። ‹ይጠጣል አይረካም› ሲሉኝ ገብቶኝ ነበር። ያኔውኑ። ቦዩ ሳይነሳ፣ አረንጓዴው ሳይነሳ። … አዎ። ገብቶኝ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ እርስዎ ‹ካራባይ ነው› አሉ። … ደስ አለኝ። ይኸው ነው እውነቱ። የሌላ ሰው ስም ስሰማ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ‹ሰው አይታወቅም› አልኩዎት። ስለ ሠርጉም የጨመርኩልዎ እኔ ነኝ። ልጆችዎ አለንጋ ይዘው እየጋለቡ እኔ እዚህ ነገር አቀጣጥላለሁ።

— … ይጩኹብኝ።

— … አይጮኹም።

— እመጣለሁ። አሁኑኑ ቧንቧውን ጥዬ እነሳለሁ፣ ሐኪሙ ጋ አብሬ … አልምጣ? … እግሬን እንዳያዩት? … እሺ። እሺ፣ ይገባኛል።

— ምን? … ከእርስዎ በታች? … አዎ፣ ቦዩ ይቀጥላል። … እዚያች ዳክዬ የምታረባዋ መበለት ጋ። … የጤና ጣቢያው ግቢ። … ከዚያ እነ ቡሩልቻ፣ ጥጃ ወልዳለች ላማቸው፣ አዎ። … ከዚያ ካራባይ። … የካራባይ በጎች የሚጠጡት ከዚያው ነው?

— ያ አላህ። እስከዚያ አላሰብኩም። … አላሰብኩም ነበር አኬ፣ እርስዎ ቤት ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

— ልጆችዎ ፈረስ ላይ ናቸው፣ እነሱ ቢነግሩልኝስ? ፈጥነው ይደርሱ ነበር … እሺ። እነሱ በፈረስ ቦዩን ይዝጉ፣ ከላይ ያለውን የውሃ መዝጊያ ያውርዱት። መናገሩ የኔ ነው። … በየቤቱ፣ በስሜ፣ በራሴ አፍ። … እሺ። … መጀመሪያ ካራባይ። … ሌላ ሰው ቢቀድምስ፣ የዳክዬዋ … እሺ፣ አልከራከርም። ካራባይ።

— ኡቻርስ? … ተኛ። … ይተነፍሳል? … ያሰሙኝ። ስልኩን አፍንጫው ሥር ያድርጉልኝ፣ አንዴ ብቻ።

— …

— ሰማሁት።

— አይ፣ አልዋሽዎትም። ሐኪሙ እስከ ነገ አይታወቅም ነው የሚለው። ሊተርፍ ይችላል። ኩላሊቱ ከተያዘ ግን … አይታወቅም፣ አኬ። … ሁለተኛውን ስሪንጅ ስጡት አሁን። … እሺ። … እርስዎ ይዝጉት፣ እኔ መዝጋት ከበደኝ።

— … ዘጉት።

— ሳልታናት፣ የኔ ባትሪ ሊጠፋ ነው፣ ስልክሽን አበድሪኝ። … ሐኪሙ ለእሳቸው ይደውል፣ ቁጥራቸውን ስጪው። … ለኔ ደግሞ ይሄንን ቁጥር ጻፊልኝ። አዎ። ካራባይ። … ይጠራል።

— ሄሎ፣ ካራባይ? ሻርሼን ነኝ። … ከሌላ ሰው ስልክ ነው። … አውቃለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ ለዛ ነው የደወልኩት። ካራባይ፣ ይቅር በለኝ፣ ልጆቹ ቤትህ ድረስ መጥተው የሰደቡህ በኔ ምክንያት ነው። ውሻውን የመረዝኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስበው፣ ግን እኔ ነኝ። ስምህም ሲነሳ ዝም ብዬ … ዝም እንኳ አላልኩም፣ አራግቤዋለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ካራባይ። እንዴት እንዳፈርኩ … ሚስትህንም ይቅርታ በልልኝ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እግርህ ላይ … ሄሎ? … ካራባይ? ሄሎ?

— ዘጋብኝ። … ምን አልሽ? … በጎቹን?

— በጎቹን ከቦዩ እንዳያጠጣ አልነገርኩትም። … ይቅርታዬን ሳስቀድም፣ ሳልታናት፣ ስለ ራሴ ሳወራ በጎቹን አልነገርኩትም! … ደውይ። ድገሚው። … አያነሳም? … ድገሚው፣ በፋብሪካው ስልክ ደውይ፣ ድገሚው!